«ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ሁሌ ዘግይቼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገዝቼ ካስኩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ደንበኞቼ ጸጉራቸው እስኪደርቅ ያገላብጡታል። ማታ በሩን ከዘጋሁ በኋላ የተረፈውን አነባለሁ። አንዳንዴ ጥጉ ተቀዶ ይደርሰኛል፤ አንዳንዴ የጸጉር ቀለም ፈሶበት። ያለፈው ሳምንት የኪነ ጥበብ ገጽ ግን ንጹሕ ሆኖ ጠበቀኝ። ምነው በተቀደደ ኖሮ! አንብቤ ተናደድኩ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሥራ ቀዝቅዟል። ስለዚህ ልጻፍ።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይሄ ነው። የዘመኑ ወጣቶች የመጀመሪያ አልበማቸውን የሚሠሩት በቢት ነው። ቢት ደግሞ የድምፅ ገዳይ ነው። አንድ ከበሮ ከሆነ ቦታ ተቆርጦ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው እየተደጋገመ ልጅቷ ላዩ ላይ ታላዝናለች። «ታላዝናለች» የሚለው ቃል የእሳቸው ነው። የድሮዎቹ ግን ከፈረንጅ ሳይቀዱ፣ በሙሉ ባንድ፣ የራሳችንን ይዘፍኑ ነበር ይላሉ።

እኔ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከአንድ ብሎክ ሥር፣ ሁለት ካስክና ሦስት ወንበር ያላት ጸጉር ቤት አለችኝ። ሹሩባ እሠራለሁ፣ ፔስትራ እሠራለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዓመት ከጠዋት እስከ ማታ ቤቴ ውስጥ ሙዚቃ ተቋርጦ አያውቅም፤ መብራት ካልሄደ በቀር። ጸጉር ቤት ያለ ዘፈን አይሆንም። እጅ ይደክማል፣ ወሬ ያልቃል። እና ስለ ድምፅና ስለ ከበሮ አንድ ሁለት ነገር ብል ድፍረት አይሁንብኝ።

የእኔ ነገር የሚጀምረው ከአንድ ካሴት ነው።

በ1985 ዓ.ም. የምንኖረው ካዛንቺስ ነበር። ዛሬ ያንን ግቢ ብፈልገው አላገኘውም፤ ፈርሷል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ማትሪክ ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት ቁጭ ብያለሁ። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ በሰው እጅ ዕቃ ላከችልን። ለእናቴ ጫማ፣ ለእኔ ሹራብና አንድ ካሴት። ሽፋኑ ላይ ኮፍያዋን ዝቅ አድርጋ የደፋች ልጅ አለች። ሜሪ ጄ ብላይጅ ትባላለች። አልበሙ «ዋትስ ዘ ፎር ዋን ዋን?» ይባላል። ፎር ዋን ዋን ማለት ያኔ አሜሪካኖች የሰው ስልክ ቁጥር ለመጠየቅ ይደውሉበት የነበረ ቁጥር ነው። ርእሱ እንግዲህ «ወሬው ምንድን ነው?» እንደ ማለት ነው። ይሄን ያወቅኩት ስንት ዓመት ቆይቼ ነው። ያኔ የቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር።

ቴፓችን ውስጥ ከተትኩት። መጀመሪያ የሚሰማው ዘፈን አይደለም። የስልክ መልእክት ነው። ሰዎች በየተራ እየደወሉ ይናገራሉ፣ ከሥር ከበሮ ይመታል። የላከችልኝ ካሴት የተበላሸ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ እሷ መጣች።

እናቴ ጓዳ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን እንደያዘች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አታውቅም። ጥቂት አዳመጠችና፣

«ይቺ ልጅ ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተባትም እማዬ። የፍቅር ዘፈን ነው።»

«እሱም ያው ነው» ብላ ወደ ሽሮዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የካሴቱ አንዱ ፊት ባለቀ ቁጥር ከጓዳ ትጠራኝ ጀመር። «ነይ እስቲ፣ ያቺን ሐዘንተኛ ገልብጪያት!»

ለጸሐፊው መልስ የምሰጠው በእናቴ በኩል ነው። እናቴ የቡልጋ ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እህል ፈጭታለች። ወፍጮው ሥር ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ። ገፋ፣ ሳብ። ድምፁ አንድ ነው። እስኪነጋ አይለወጥም። እንጉርጉሮው የሚወጣው በዚያ ላይ ነው። ስለ አማት፣ ስለ ባል፣ ሄዶ ስለ ቀረ ወንድም፣ ለሰው ፊት የማይነገር ሁሉ ለመጁ ይነገራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜሪ ቴፑ ውስጥ እየዘፈነች፣ እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ እጆቿን አየር ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታደርግ አየኋት። መጅ የያዘች ትመስላለች። ከከበሮው ጋር ገጥማለች። እኔን ስታይ አፍራ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ያኔ ሳቅኩባት እንጂ ምንም አልገባኝም። የገባኝ ባለፈው ቅዳሜ የእናንተን ገጽ ሳነብ ነው። «ያው እየተደጋገመ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ የእናቴ እጅ ታየኝ። ጸሐፊው ጥፋት ያደረጉት ድግምግሞሽ፣ ለዘፋኟ ወለል ነው። ከሥር የማይለወጥ ነገር ካለ፣ ላዩ ላይ ያለችው እንዳሻት ትሆናለች። ትዘገያለች፣ ትቀድማለች፣ ቃሉን ግማሽ ላይ ትተወዋለች፣ ዝም ትላለች። መጁ ይጠብቃታል። ደግሞ መደበቂያ የላትም። ባንዱ ሲሞላ፣ ትራምፔቱም ጊታሩም ሲንጫጫ፣ የደከመ ድምፅ ያልፋል። ከበሮና አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ሲሆን ግን የተነፈሰችው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። የሜሪ ካሴት ላይ እሰማው ነበር። አንዳንድ ቦታ ድምጿ ወረድ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ይሰነጠቃል። አልቆረጡባትም።

ስለ ልጅቷ ትንሽ ልበል፣ ጸሐፊው «ቢት የሰነፍ ነው» ዐይነት ነገር ስላሉ። አልበሙ የወጣው በፈረንጅ ጁላይ 28 ቀን 1992 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 21 ቀን 1984። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ያደገችው ከኒውዮርክ ከተማ ወጣ ብሎ ዮንከርስ በሚባል ከተማ፣ ስክሎቦም በተባለ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር ነው። ፎቆቹን በፎቶ አይቻቸዋለሁ። የእኛን ይመስላሉ፤ ልብስ ብቻ በረንዳ ላይ አልተሰጣም። እናቷ ነርስ ነበረች። ሜሪ ልጅ ሳለች አንድ የገበያ ማዕከል ገብታ፣ ለማንም ሰው በገንዘብ በሚቀዳ የካራኦኬ ክፍል ውስጥ የአኒታ ቤከርን ዘፈን ዘፈነች። ያቺ ካሴት በእናቷ ወዳጅ በኩል ከእጅ ወደ እጅ ዞራ አፕታውን የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊ አንድሬ ሃሬል ዘንድ ደረሰች። ኩባንያው አስፈረማት። አልበሙን በበላይነት ያሠራው ሾን ኮምስ ነው። ዛሬ የእሱ ስም የሚነሳው በፍርድ ቤት ዜና ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈንና ራፕን አንድ ላይ የሞከረች የመጀመሪያዋ እሷ አይደለችም። ነበሩ። ግን አብዛኞቹ ለጭፈራ ነው ያደረጉት። እሷ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር የገራውን ጉሮሮዋን፣ ያንን የሐዘን ቤት ድምፅ፣ እንደወረደ አምጥታ የሰፈር ልጆች ራፕ የሚያደርጉበት ከበሮ ላይ አስቀመጠችው። ቻካ ካን በፈረንጅ በ1970ዎቹ ከሩፈስ ባንድ ጋር የዘፈነችውንም አንድ የድሮ ዘፈን መልሳ ዘፍናዋለች፤ የዱሮውን አልናቀችም። መጨረሻው ዘፈን ላይ ደግሞ ራሷ ራፕ ታደርጋለች። «የሂፕ ሆፕ ሶል ንግሥት» አሏት። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ቅጂ አልፏል። በፈረንጅ በ2024 ደግሞ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ገብታለች። ድምፅ የገደለ ነገር ይሄን ሁሉ ዓመት ይኖራል?

እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢት የሚሠራ ልጅ አለ። እናቱ ደንበኛዬ ናት። የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖታል። እናቱ «ቤቴን የዶሮ እርባታ አደረገው» ትላለች። አንድ ቀን «ሪል ላቭ» የሚለውን የሜሪን ዘፈን ከስልኬ አሰማሁት። ሁለት ሰከንድ አልቆየም።

«እትዬ፣ ይሄ ከበሮ'ኮ የእሷ አይደለም።»

ላፕቶፑን ከፈተ። ኦዲዮ ቱ የሚባሉ ራፐሮች በፈረንጅ በ1987 ካወጡት ዘፈን ነው የተወሰደው። አሰማኝ፤ እውነትም ራሱ ነው። «ቆይ አላለቀም» አለኝ። ኦዲዮ ቱም የራሳቸው አልነበረም። በፈረንጅ በ1973 ሃኒ ድሪፐርስ የተባሉ ሰዎች የሠሩት፣ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ይውረድ የሚል የሶል ዘፈን አለ። ከበሮው የተቆረጠው ከዚያ ነው። ያንንም አሰማኝ። ከዚያ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየመታ ልዩነቱን አሳየኝ። የዋናው ዘፈን ከበሮ ይፈስሳል። ራፐሮቹ ቆራርጠው ሲገጥሙት ይደናቀፋል፤ የሚያነክስ ሰው ደረጃ ሲወጣ ዐይነት። «ይሄ መደናቀፉ ነው ዘፈኑን የሚሸከመው» አለኝ።

ሶል ተቆርጦ ራፕ ሆነ፣ ራፑ ተመልሶ ሶል ተሸከመ። ሦስት ቤት የዞረ ከበሮ ነው። እናቴ የፈጨችበት ወፍጮም የአያቷ ነበር። ማንም «የራስሽን ድንጋይ ጥረቢ» አላላትም።

«ከፈረንጅ ሳይቀዱ» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሳክስፎን ቡልጋ አይበቅልም። የነሐስ መሣሪያው ባንድ በደንብ ሥር የሰደደው ራስ ተፈሪ በ1924፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ጋር ነው። አለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ነበር የሚሉት። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና አሜሪካ ተምሮ መጣ። አምሃ እሸቴ ገና የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ሆኖ በፈረንጅ በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ያኔም ነገሩ ያልጣማቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱ ወሰዱ፣ በቅኝታችን አሹት፣ የእኛ ሆነ። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ አሜሪካዊው ራፐር ናስና የቦብ ማርሊ ልጅ ዴሚያን ማርሊ በፈረንጅ በ2010 አልበማቸው ላይ የሙላቱን ዜማ ቆርጠው ቢት አደረጉት። ጸሐፊው ይሄን ሲሰሙ የሚኮሩ ይመስለኛል። ቢት ነው እንግዲህ!

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማለሁ። ድምፅ እየሞተ ነው። ገዳዩን ነው የሳቱት።

አብራኝ የምትሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለች። ከደብረ ብርሃን ነው የመጣችው። ሹሩባ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ድምጿ ሻካራ ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ያለ ይመስላል። ደንበኞቼ ስልካቸውን አስቀምጠው ይሰሟታል፤ ይሄ በዚህ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም። አምና ዕቁብ ወጣላትና አሥራ ስምንት ሺህ ብር ይዛ ከተማ መሀል አንድ ስቱዲዮ ሄደች። ስሙን አልጠራም። አንድ ዘፈን ቀዱላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘፈኑን በፍላሽ ይዛ እየሮጠች መጣች። ስፒከሩ ላይ ሰካነው። ቤቱ ሞልቷል። አንዷ ካስክ ውስጥ ናት፣ አንዷ ጸጉሯ ግማሽ ተፈትቷል። ዘፈኑ ጀመረ።

ለስላሳ ነው። ያብረቀርቃል። ከየትኛውም ልጅ ጉሮሮ ሊወጣ ይችላል።

ካስክ ውስጥ ያለችው ደንበኛዬ ራሷን አወጣችና «ማናት ይቺ?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ማንም ምንም አላለም። ፍላሹን ነቀለችና ኪሷ ከተተች። እስከ ማታ አላንጎራጎረችም። ስቱዲዮ ደውዬ ስጠይቅ፣ ስልኩን ያነሳው ልጅ በትሕትና «ድምጿ ሻካራ ነበር፤ አስተካክለንላታል» አለኝ። ጭማሪ ክፍያም አልጠየቁም! እንደ ውለታ ነው የቆጠሩት።

እኔ ይሄን ነገር በሥራዬ አውቀዋለሁ። ፔስትራ ነው። ከርዳዳ ጸጉር ይዛ የመጣች ልጅ ብረቱን አግለን ደጋግመን ብንስብላት ለሠርጉ ቀን እንደ ሐር ይወርዳል። ፎቶም ያምራል። በየሳምንቱ ብታደርገው ግን ጸጉሩ ይሞታል። ጫፉ ይሰነጠቃል፣ በጣት ሲይዙት ይበጠሳል፣ የራሷ ከርዳዳ የት እንደገባ አይታወቅም። እናቲቱ እንኳን «ይሄ የማን ጸጉር ነው?» ትላለች። ልጅቷን ድምጿን ፔስትራ አደረጉባት። ከበሮው ምን በደለ? ከበሮውማ ጥሩ ነበር። ቢቱን የሠራው ያው የአራተኛ ፎቁ ልጅ ነው።

ወር ያህል ቆይቶ እሱው ጠራት። ብርድ ልብሱ መሀል አቁሞ ቀዳት። እኔም ቡና ይዤ ወጣሁ፤ እናቱ ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ለመስማትም ጓጉቼ። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው። በስልክ መብራት ቀጠሉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳል ያዛትና «ይቅርታ» ብላ ሳቀች። ልጁ ሳሏን ቆርጦ አወጣ፤ ሳቋን ተወው። አሁን ሦስት ዘፈን አላቸው። አልበም ለመሆን ብዙ ይቀረዋል፤ ሁለቱ ግጥሞችም ገና ያልበሰሉ ናቸው፣ ነግሬያታለሁ፣ አኩርፋለች። ከሦስቱ አንዱ ላይ ቢቱ ራሱ ከመጠን በላይ ከብዷል። ጸሐፊው ይሄን ቢሉ ኖሮ እሺ እል ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ያ ካሴት አሁንም አለኝ። በእኛ በ1988 ይመስለኛል፣ ቴፑ ዋጠው። ክሩን በእስክሪብቶ እየጠቀለልኩ ብመልሰውም ተበጥሶ ነበር። የጸጉር ሥራ ኮርስ ላይ ነበርኩ፤ ኪዩቴክስ ነበረኝ። የተቆረጠውን ጫፍ በምላጭ አስተካክዬ በኪዩቴክስ አጣበቅኩት፣ በትንፋሼ አደረቅኩት። ሠራ! ግን የጣት ጥፍር ያህል ክር ጠፍቷል። ስለዚህ በእኔ ካሴት ላይ ሜሪ አንዱ ስንኝ መሀል እልም ትልና ትመለሳለች። በኋላ ዘፈኑን በስልክ ስሰማው እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ቃል አለች። ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቻት የማላውቃት ቃል። እስካሁን ሳዳምጥ ያቺ ቃል ስትመጣ እንግዳ ሰው ሳያንኳኳ የገባ ያህል እደነግጣለሁ። እናቴ ያወቀችው ባለ ክፍተቱን ነው። በዚያው ሄደች።

ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ ቤቴ መጥተው ይስሙት። ከመገናኛ የአያትን ታክሲ ይዘው፣ ከዚያ የአባዶን ነው የሚይዙት፤ ማክሰኞ ቢሆን ይመረጣል። ቡና አለ። ችግሩ ማጫወቻው ነው። ቴፓችን ከካዛንቺስ ስንወጣ ተሰብሮ ቀረ፤ ጠጋኝ ጋ ብወስደው «ይሄ ሙዚየም ነው እትዬ» ብሎ መለሰኝ። ከአንባቢዎቻችሁ የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ ያለው ሰው ካለ በጋዜጣው በኩል ያሳውቀኝ። እገዛዋለሁ። ሽያጭ ካልፈለገም ለባለቤቱ ወይም ለሴት ልጁ ለአንድ ዓመት ሹሩባ በነጻ እሠራለሁ። ፔስትራ ግን አልሠራም።

አክባሪያችሁ
ጸጉር ሠሪዋ፣ ከየካ አባዶ